ታይቶ የሚጠፋ ብልሽት፦ ያገለገለ መኪና ገዢ መብት ታሪክ

መካኒክን ከሚያስቸግሩ ብልሽቶች ሁሉ የከፋው ጋራዥ ሲደርስ የሚጠፋው ነው። መኪናው መንገድ መሃል ድንገት ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጣል፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ነድቶ ይሞክራል፣ ምንም አያገኝም። ካንዴላ ይለወጣል፣ ሽቦ ይጠበቃል፣ ባለመኪናው ከፍሎ ይወጣል። በሳምንቱ መኪናው መብራት ላይ እንደገና ቀጥ ይላል። ገዢው ወደ ሻጩ ሲመለስ የሚጠብቀው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «ስሸጥልህ ደህና ነበር። ምኑ ነው የተበላሸው? እስቲ አሳየኝ።»

ገዢው የሚያሳየው ነገር የለውም። ብልሽት እንዳለ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን እሱም አያውቅም፣ መካኒኩም አላወቀለትም። ሕግ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለት መንገድ አለው። ወይ «ምክንያቱን አረጋግጠህ ና» ብሎ ገዢውን ያሰናብታል፣ ወይ የብልሽቱን መደጋገም ራሱን እንደ ማስረጃ ይቀበላል። መኪና ከመፈልሰፉ ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ገበያዎችና ፍርድ ቤቶች በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል።

የአንድ ወር ጊዜ

የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ገደማ ሕጎቹን በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር። ድንጋዩን የፈረንሳይ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በዛሬዋ ኢራን በምትገኘው ሱሳ አግኝተውት አሁን በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ተቀምጧል። 278ኛው ሕግ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ በነበረበት በዚያ ዘመን ገበያ የወጣ ነው። ባሪያ የገዛ ሰው ወሩ ሳይሞላ የተገዛው «ቤኑ» በሚባል ደዌ ቢያዝ ለሻጩ መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ ይፈቅዳል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ቤኑ የሚጥል በሽታ ነው ይላሉ።

ገበያው ጨካኝ ነበር፤ የተሸጠው ሰው ምንም መብት አልነበረውም። የሕጉ አስተሳሰብ ግን በኋላ ዘመን ለመጣው ሁሉ መነሻ ሆኗል። የሚጥል በሽታ በገበያው ቀን አይታይም፤ መጥቶ ይሄዳል። ዳኛው የበሽታውን መንስኤ ማወቅ አይችልም፣ ገዢውም እንዲያውቅ አልተጠየቀም። ሕጉ ለገዢው የሰጠው ጊዜ ነው።

ሮማውያን ይህንኑ ሐሳብ ይበልጥ አሰፉት። በሮም ገበያውን የሚቆጣጠሩት ኤዲሊስ የተባሉ ሹማምንት ነበሩ። እነሱ ባወጡት አዋጅ መሠረት ነጋዴው የሚሸጠውን ባሪያ በሽታና ጉድለት በግልጽ መናገር ነበረበት፤ ኋላም ደንቡ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለሌሎች የጭነት ከብቶች ደረሰ። ሻጩ «አላውቅም ነበር» ማለቱ አያድነውም። ገዢው በ6 ወር ውስጥ ሽያጩን አፍርሶ ገንዘቡን የማስመለስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ዋጋውን የማስቀነስ መብት ነበረው።

ያቮሌኑስ የተባለ ሮማዊ የሕግ ሊቅ የጻፈው ሐሳብ በንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ትእዛዝ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ533 በታወጀው የሕግ ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል (እዚህ ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ቀኖችና ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሊቁ በሦስት ወይም በአራት ቀን እየተመላለሰ የሚነሳ ወባ መሰል ትኩሳት፣ ሪህ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በሽታው በማይታይባቸው ቀናት እንኳ ጤነኛ ሊባል አይገባም ብሎ ወሰነ። ሐሳቡ የተጻፈው ስለ ሰው ሕመም ቢሆንም ሕጋዊ መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ጉድለት ዛሬ አለመታየቱ አለመኖሩን አያሳይም። «ጋራዥ ስናስገባው ምንም የለውም» ለሚል ሻጭ ከዚህ የቀደመ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ፈረንሳዮች ይህን የሮማ ቅርስ በ1804 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ውስጥ «የተሰወሩ ጉድለቶች» በሚል አስገቡት። የከብት ገበያው ክርክር ግን በዝቶ ስለነበር በግንቦት 1838 የተለየ ሕግ አወጡ። ሕጉ ለፈረስና ለሌሎች እንስሳት ሽያጩን የሚያፈርሱትን በሽታዎች በስም ዘረዘረ፤ ለአብዛኞቹ 9 ቀን ሰጠ። ለሁለት በሽታዎች ብቻ 30 ቀን ፈቀደ። አንዱ የሚጥል በሽታ ሲሆን ሌላው የፈረስ ዓይን እያበጠ እየዳነ ተመልሶ የሚመጣ ሕመም ነው። ሁለቱም ታይተው የሚጠፉ ናቸው። የፈረንሳይ ሕግ አውጪዎችም እንደ ባቢሎን ንጉሥ፣ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመያዝ ገዢው ቢያንስ አንድ ወር አብሮት መኖር እንዳለበት ተረድተው ነበር።

«ዓይንህን ከፍተህ ግዛ»

በእንግሊዝ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። በ1603 አንድ ወርቅ አንጥረኛ መድኃኒትነት አለው የተባለ ውድ ድንጋይ ነው ብሎ በ100 ፓውንድ ሸጠ፤ ድንጋዩ ግን የተባለው ሆኖ አልተገኘም። ፍርድ ቤቱ ሻጩ «ነው» ማለቱ ብቻ አያስጠይቀውም፣ ዋስትና ሰጥቻለሁ ብሎ በግልጽ መናገር ነበረበት ሲል ለሻጩ ፈረደ። ገዢ ራሱን ይጠብቅ የሚለው መርህ ለብዙ ዘመን የእንግሊዝና በኋላም የአሜሪካ ገበያ መመሪያ ሆነ።

በመንደር ገበያ፣ ሻጩና ገዢው በሚተዋወቁበት፣ ፈረሱም አፉ ተከፍቶ ጥርሱ በሚታይበት ዘመን መርሁ ሚዛናዊ ሊመስል ይችላል። ሞተር ግን ተከፍቶ አይታይም። ብሪታንያ በ1893 ባወጣችው የዕቃ ሽያጭ ሕግ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ለገበያ የሚበቃ ጥራት እንዲኖረው ደነገገች። ያም ሆኖ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ብዙ አልተጠቀመም። በ1965 በተወሰነ አንድ ጉዳይ ያገለገለ ጃጓር የገዛ ሰው የፍሪሲዮኑ ጥገና ከተነገረው በላይ አስወጣኝ ብሎ ከሰሰ። ታዋቂው ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ ያሉበት ችሎት ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው አንድ ቀን ብልሽት እንደሚያጋጥመው መጠበቅ አለበት፣ መኪናው እስከተነዳ ድረስ ለታለመለት አገልግሎት ይበቃል ብሎ ፈረደበት።

ጊዜውም ቢሆን አጭር ነበር። አንድ እንግሊዛዊ በታኅሣሥ 1984 አዲስ ኒሳን ገዛ። ከሳምንታት በኋላ፣ 140 ማይል ገደማ ከተነዳ በኋላ፣ ሞተሩ አውራ ጎዳና ላይ ነክሶ ቆመ። በኋላ ሲፈተሽ በፋብሪካ ሳለ የገባ የማሸጊያ ሙጫ ጠብታ የዘይት መተላለፊያውን ዘግቶት ተገኘ። በ1986 የተሰጠው ፍርድ መኪናው ጉድለት እንደነበረበት አመነ። ነገር ግን ገዢው ለሦስት ሳምንት በእጁ ይዞታልና ተቀብሎታል፣ ካሳ እንጂ መኪናውን መመለስ አይችልም አለ። ጠብታው በሞተሩ ውስጥ ተደብቃ የቆየችበት ጊዜ ከገዢው መብት ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። ውሳኔው ብዙ ተተችቷል፤ ዳኛው ከሐሙራቢ ያነሰ ጊዜ ነበር የሰጠው።

ብሪታንያ ይህን ያረመችው ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የሸማቾች መብት ሕግ ነው። ከነጋዴ የገዛ ሰው፣ ዕቃው ያገለገለም ቢሆን፣ ጉድለት ካገኘበት ከርክክቡ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። 30 ቀኑ ካለፈ ነጋዴው አንድ ጊዜ የመጠገን ዕድል ያገኛል፤ ያ ካልሠራ ገዢው መኪናውን ይመልሳል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የታየ ጉድለት ደግሞ ሲሸጥም እንደነበረ ይገመታል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ።

የአሜሪካው መልስ፦ ጥገናውን ቁጠር

በአሜሪካ ለውጡ የተጀመረው ማንም ምክንያቱን ባላወቀው አንድ አደጋ ነው። በግንቦት 1955 በኒው ጀርሲ የሚኖሩ ባልና ሚስት አዲስ ፕሊመዝ ገዙ። ከአሥር ቀን በኋላ ሚስቲቱ በዝግታ ስትነዳ ከኮፈኑ በኩል አንድ ነገር ሲሰበር ሰማች፤ መሪው በእጇ ላይ ተሽከረከረ፣ መኪናውም ከግንብ ጋር ተጋጨ። ቆጣሪው 468 ማይል ብቻ ያሳይ ነበር። የመኪናው ፊት ክፉኛ ስለተጎዳ የመሪው ዕቃ ከአደጋው በፊት ተበላሽቶ እንደነበር ማረጋገጥ አልተቻለም። አምራቹ ደግሞ በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ግዴታዬ የተበላሸ ዕቃ መቀየር ብቻ ነው፣ ያውም ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል ብሎ ጽፎ ነበር። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ለገዢዎቹ ፈረደ። አዲስ መኪና በአሥር ቀኑ መሪው ከከዳ ጉድለት እንደነበረበት መገመት ተገቢ ነው፤ ገዢው የመደራደር ዕድል ያላገኘበት የደቃቅ ፊደል ውልም መብቱን አይገፍም አለ።

በ1967 በዚያው ግዛት ሌላ ገዢ አዲስ ሼቭሮሌት ከመሸጫው ይዛ ወጣች፤ አንድ ማይል እንኳ ሳይሞላ መኪናው መብራት ላይ ቆመ። ባልየው የጻፈውን ቼክ ክፍያ በዚያው ሰዓት አስቆመ። ሻጩ ካምቢዮውን ከሌላ መኪና አውጥቶ ቀየረና ተጠግኗል ውሰዱት አለ። ፍርድ ቤቱ በ1968 ባሳለፈው ውሳኔ አንድ ጠቃሚ ሐሳብ ተናገረ፤ ሰው መኪና ሲገዛ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለም፣ ያደርሰኛል ብሎ ለሚተማመንበት እምነትም ነው። ያ እምነት አንዴ ከፈረሰ በጥገና ብቻ አይመለስም።

በዚህ ጊዜ ኢኮኖሚስቶችም ወደ መኪና ገበያው ማየት ጀመሩ። ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ የሚተነትን አጭር ጽሑፍ ጽፎ ሦስት መጽሔቶች ከመለሱበት በኋላ በ1970 አሳተመው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ መኪናውን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ደህናውን ከብልሹ መለየት ያልቻለ ገዢ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ብልሹ ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ስለዚህ ደህናዎቹ ከገበያ እየወጡ ብልሹዎቹ ይቀራሉ፤ ሐቀኛው ሻጭም አብሮ ይጎዳል። አከርሎፍ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት አገኘ። አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ብልሹ መኪና «ሎሚ» ይሉታልና ገበያውም ሕጉም በዚሁ ስም ታወቁ።

ኮንግረስ በ1975 የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግን አወጣ። ሕጉ «ሙሉ» የተባለ ዋስትና የሰጠ አምራች ምክንያታዊ በሆነ ቁጥር ሞክሮ መጠገን ካልቻለ ዕቃውን እንዲቀይር ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ አዘዘ። ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩበት። የመኪና አምራቾች በዋስትናቸው ላይ «ሙሉ» በማለት ፈንታ «ውሱን» ብለው ጻፉ፤ ግዴታውም አልነካቸውም። «ምክንያታዊ ቁጥር» ስንት እንደሆነ ደግሞ ሕጉ አልተናገረም። ለዚያው ብልሽት ስድስት ጊዜ ጋራዥ የተመላለሰ ሰው ሰባተኛውን ሞክር ሊባል ይችላል።

ቁጥሩን የጻፈችው ትንሿ የኮነቲከት ግዛት ናት። ጆን ውድኮክ የተባለ ወጣት የምክር ቤት አባል ያቀረበው ረቂቅ በ1982 ጸድቆ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ያለው ይህን ነው፤ አዲስ መኪና ለአንድ ብልሽት አራት ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ፣ ወይም በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀን ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ፣ አምራቹ በቂ ዕድል እንዳገኘ ይቆጠራል፤ መኪናውን ይቀይር ወይም ገንዘቡን ይመልስ። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ 50ውም ግዛቶች በየፊናቸው የሎሚ ሕግ አላቸው።

የዚህ ሕግ ታላቅነት ቴክኒኩን ከገዢው ጫንቃ ላይ ማውረዱ ነው። ገዢው ሽቦው ይሁን ኮምፒውተሩ፣ የቤንዚን ፓምፑ ይሁን ሴንሰሩ አይጠየቅም። ማስረጃው አራት የጋራዥ ወረቀቶች ናቸው። «ችግሩ አልታየም» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት እንኳ ገዢው ያንን ብልሽት ይዞ መምጣቱን የሚያሳይ ምስክር ይሆናል። ምክንያቱን መፈለግ የአምራቹ ሥራ ሆነ፤ ካልቻለ ኪሳራውም የእሱ ነው።

ያገለገለውስ?

ይህ ሁሉ ግን በዋናነት ለአዲስ መኪና ነበር። ብዙው ሕዝብ የሚገዛው ያገለገለ ነው። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1975ቱ ሕግ ታዝዞ ለዓመታት ካጠና በኋላ በ1981 አንድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ያገለገለ መኪና ነጋዴ በመስኮቱ ላይ ወረቀት ለጥፎ የሚያውቃቸውን ዋና ዋና ጉድለቶች እንዲጽፍ ያዝዛል። የሮማ ኤዲሊሶች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ያዘዙት ነገር ነው።

የመኪና ነጋዴዎች ማኅበር ሽንጡን ገትሮ ተቃወመ። በግንቦት 1982 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ69 ለ27፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ286 ለ133 ድምፅ ደንቡን ሻሩት። በዓመቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኮንግረስ በዚህ መንገድ የመሻር ሥልጣን የለውም ብሎ ወሰነ። ደንቡ ተመልሶ ሊቆም የሚችልበት በር ተከፈተ። ኮሚሽኑ ግን ደንቡን እንደገና ሲያወጣው የታወቁ ጉድለቶችን የመጻፍ ግዴታውን አወጣው። ከግንቦት 1985 ጀምሮ በየመኪናው መስኮት የሚለጠፈው ወረቀት የሚናገረው ዋስትና መኖሩን ወይም መኪናው «ባለበት ሁኔታ» መሸጡን ነው። ነጋዴው የሚያውቀው ብልሽት ወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም።

ያገለገለ መኪና ገዢን በቁጥር ለመጠበቅ የደፈሩት ጥቂት ግዛቶች ናቸው። ኒው ዮርክ በ1984 ባወጣችው ሕግ ነጋዴው እንደ ቆጣሪው ንባብ ዋስትና እንዲሰጥ አስገደደች። ከ36,000 ማይል ያልበለጠ ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል፣ ከዚያ በላይ ሆኖ 80,000 ያልሞላ ለ60 ቀን ወይም ለ3,000 ማይል፣ እስከ 100,000 ያለው ለ30 ቀን ወይም ለ1,000 ማይል። ሦስት ጊዜ ተጠግኖ ያልዳነ፣ ወይም 15 ቀን ጋራዥ የቆመ መኪና ገንዘብ ያስመልሳል። ማሳቹሴትስም ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ እዚያ ግለሰብ ሻጭ እንኳ የሚያውቀውን ከባድ ጉድለት መናገር አለበት፣ ከደበቀ ገዢው በ30 ቀን ውስጥ ሽያጩን ያፈርሳል።

ይህ ልዩነት በታክሲና በመሰል ሥራ ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ድንበሩ የአንድ ድልድይ ያህል ነው። በሜሪላንድ ነጋዴ መኪናውን «ባለበት ሁኔታ» መሸጥ የሚችለው ከ6 ዓመት በላይ ያስቆጠረና ከ60,000 ማይል በላይ የተነዳ ሲሆን ብቻ ነው። በቨርጂኒያ ግን ነጋዴው ይህንኑ በጽሑፍ አሳውቆ ማስፈረም ይችላል፤ የፈረመም ገዢ በሚቀጥለው ቀን ሞተሩ ቢጠፋ የሚቀርለት መብት እጅግ ጠባብ ነው።

በአውሮፓ ጥያቄውን በግልጽ የመለሰው አንድ የተቃጠለ መኪና ነው። በግንቦት 2008 በኔዘርላንድስ አንዲት ሴት ያገለገለ መኪና ከነጋዴ ገዛች። ከአራት ወር በኋላ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ እሳት ተነስቶበት ሙሉ በሙሉ ወደመ። የምርመራ ባለሙያ ሳያየው ስብርባሪው ተወገደ። ምክንያቱን የሚያውቅ፣ ሊያውቅም የሚችል አልቀረም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሰኔ 4 ቀን 2015 በሰጠው ውሳኔ ገዢዋ ማስረዳት ያለባት ሁለት ነገር ብቻ ነው አለ፤ ዕቃው እንደ ውሉ አለመሆኑንና ይህም ከርክክቡ በኋላ በ6 ወር ውስጥ መታየቱን። የብልሽቱን መንስኤም ሆነ የሻጩን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለባትም። ኅብረቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ 6 ወሩን ወደ አንድ ዓመት አሳደገው።

ኮምፒውተሩም ሁልጊዜ አያውቅም

መኪና በኮምፒውተር ሲሞላ ይህ ችግር የሚያበቃ መስሎ ነበር። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖራቸው አዘዘች፤ መካኒኩ መሣሪያውን ሰክቶ የተመዘገበውን ኮድ ያነባል። ኮዱ ግን የሚናገረው የትኛው መስመር ላይ እንግዳ ምልክት እንደታየ ነው። ሴንሰሩ ራሱ ይሁን፣ ሲሞቅ የሚላቀቅ ሽቦ ይሁን፣ ውኃ የገባበት ማያያዣ ይሁን፣ ዝገት የበላው የመሬት መስመር ይሁን አይለይም። በኮዱ ብቻ ተመርቶ ዕቃ የሚቀይር ጋራዥ ባለመኪናውን ገንዘብ ያስጨርሰዋል።

ሌላም አለ። ኮድ በደቂቃ ይደመሰሳል። ሊሸጥ የተዘጋጀ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት ላይኖረው ይችላል። ደግነቱ ኮድ ሲደመሰስ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎችም ይሰረዛሉ፤ መኪናው በቂ ካልተነዳ «ፍተሻው አልተጠናቀቀም» ብሎ ያሳያል። ከመግዛቱ በፊት መሣሪያ አሰክቶ ይህን የሚጠይቅ ገዢ ብዙ ጣጣ ያመልጣል።

የኢትዮጵያ ገዢ በሕጉ ፊት

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለዚህ ከሮማ ገበያ ወደ ፓሪስ የደረሰው አስተሳሰብ ወደ አዲስ አበባም መጥቷል። ከቁጥር 2287 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን በዋስትና እንዲያረጋግጥ ያስገድዳሉ። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጥራት ከጎደለው ጉድለት አለበት። ሕጉ ነጋዴና ግለሰብ ብሎ አይለይም፤ በደላላ በኩል ከጎረቤት የተገዛች ኮሮላም በዚሁ ትዳኛለች። ሻጭና ገዢ ዋስትናውን በውል ማስቀረት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን አውቆ በማታለል ከደበቀ ግን ያ ውል አያድነውም።

ገዢውም ግዴታ አለበት። ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። ከማስታወቂያው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ፣ ሻጩ ካላታለለው በስተቀር፣ መብቱ ይቀራል። ብዙ ገዢዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ብልሽት ሻጩን ይቅር ብለው ወደ ራሳቸው መካኒክ ይሄዳሉ፣ በሁለተኛውም እንዲሁ፣ ነገሩ ሲመራቸው ወራት አልፈዋል። በእጃቸው አንድ የጽሑፍ ማስታወቂያ የለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተጨማሪ መብት ሰጥቷል። ከነጋዴ የገዛ ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ ከደረሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ለተሰነጠቀ ሳህን ወይም ለማይሠራ ሬዲዮ 15 ቀን ይበቃል። ሲሞቅ ብቻ ለሚጠፋ፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ለሚያስቸግር መኪና ግን አይበቃም። ሐሙራቢ ለሚጥል በሽታ፣ ፈረንሳዮች ለፈረስ ዓይን ከሰጡት ጊዜ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋና ሞተራቸው ትልቅ በሆነ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት እያረጁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ ዋጋቸውም የቤተሰብን የብዙ ዓመት ቁጠባ ይውጣል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ከፍሎ ምክንያቱ የማይታወቅ ብልሽት የገጠመው ሰው ዓይንህን ከፍተህ መግዛት ነበረብህ ተብሎ መሸኘት የለበትም።

የኢትዮጵያ ሕግ መሠረቱ ጥሩ ነው፤ የጎደለው ቁጥሩ ነው። አንድ ብልሽት ስንት ጊዜ ተጠግኖ ካልዳነ መኪናው እንደሚመለስ፣ ስንት ቀን ጋራዥ ከቆመ ገንዘብ እንደሚመለስ፣ በስንት ወር ውስጥ የታየ ብልሽት ሲሸጥም እንደነበረ እንደሚገመት በደንብ መጻፍ አለበት። ኮነቲከት ይህን ያደረገችው በጥቂት መስመሮች ነው። ሕግ አውጪዎች ያገለገለ መኪና ነጋዴዎች የሚያውቁትን ጉድለት በጽሑፍ እንዲሰጡም ማስገደድ ይችላሉ።

እስከዚያው ገዢ ባለው ሕግ ይጠቀም። ከመግዛቱ በፊት ሻጩ ላልመረጠው መካኒክ ያሳይ፤ «የማውቀው ጉድለት የለም» የሚለውን ቃል በውሉ ላይ ያስጽፍ። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ባስቸገረ ዕለት ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቅ፣ ቅጂውንም ይያዝ። ጋራዥ በገባ ቁጥር ቀኑ፣ የቆጣሪው ኪሎ ሜትር፣ የተናገረው ችግርና የተደረገው ጥገና ተጽፎ በማኅተም ይቀበል፤ መካኒኩ ምንም ካላገኘም «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍለት። ዓመቱ ሳያልፍ ክሱን የሚያቀርብ ገዢ ፍርድ ቤት የሚገባው እነዚህን ወረቀቶች ይዞ ነው።